የአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት ወጪ ከባንክ እስከ ምክር ቤት እንዴት ኦዲት ይደረጋል?

ኦዲት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኦዲተሩ ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም። የሚመረመረው ሰው ያቀረበለትን ወረቀት ከዚያው ሰው ሌላ ወረቀት ጋር ብቻ አመሳክሮ ስለሚመለስ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ ራሱ ከጻፈው መዝገብ ጋር ቢስማማ ምንም አያረጋግጥም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወጪ ላይ የሚነሳው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህንኑ ጉዳይ የሚመሰክር፣ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ ማስረጃ የት አለ? ባንኩ ጋ፣ ሾፌሩ ጋ፣ ቀበሌው ጋ፣ በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለክልልና ለውስጥ ኦዲተሮች እንዲሁም ሪፖርቱን ለሚቀበሉ የምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ኮሚቴ አባላት ነው። ምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው።

ከመውጣት በፊት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 የፌዴራል ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚሾም፣ የመሥሪያ ቤቱንም በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ እንደሚያስጸድቅ ይደነግጋል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ገንዘቡን የሚያወጣው አካል የመርማሪውን እንጀራ እንዳይዝ ነው። የዓለም ጠቅላይ ኦዲት ተቋማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 ሊማ ላይ፣ በ2007 ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ያወጣቸው መግለጫዎችም የቆሙት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ወረዳ ላይ ግን ነጻነት የሚፈተነው በአዋጅ ሳይሆን በመኪናና በምሳ ነው። የሚመረመረው መሥሪያ ቤት መኪና ከመደበ፣ አልጋ ከያዘ፣ የምሳ ሒሳብ ከከፈለ፣ የነዳጅ ደረሰኝ ሲመረመር አፍ ይያዛል። የቡድኑ አበል፣ ማደሪያና መጓጓዣ አስቀድሞ ከላኪው መሥሪያ ቤት መሸፈን አለበት። በቡድኑ ውስጥ ከኃላፊው፣ ከገንዘብ ያዡ ወይም ከግዥ ሠራተኛው ጋር ዝምድና ያለው፣ ወይም ባለፉት ዓመታት በዚያው ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ካለ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ያሳውቅና ይቀየር። ግኝት ከወጣ በኋላ የሚነሳ የዝምድና ጥያቄ ጥሩውን ሥራ ሁሉ ይዞት ይወድቃል።

የውስጥ ኦዲተር ችግር ደግሞ ለየት ይላል፤ ደመወዙን የሚፈርመው የሚመረምረው ኃላፊ ነው። ማድረግ የሚችለው ሪፖርቱን ቀንና ቁጥር ሰጥቶ ማውጣት፣ ግልባጩንም ሕጉ በሚያዘው መሠረት ለሚመለከተው የበላይ አካል በወቅቱ መላክ ነው። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ሪፖርት ኦዲተሩንም ተጠያቂ ያደርጋል።

ከሚመረመረው ቀድሞ ከሌሎች የሚሰበሰብ ማስረጃ

መሥሪያ ቤቱ ስለ ኦዲቱ ከመስማቱ በፊት ሦስት ነገር በእጅ ይግባ። አንደኛው በምክር ቤት የጸደቀው በጀትና በዓመቱ ውስጥ የተፈቀዱ የበጀት ዝውውሮች ናቸው፤ የጸደቀውን ከአጽዳቂው መውሰድ ይሻላል። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤቱ ስም ያሉ ሁሉም የባንክ ሒሳቦች ዝርዝርና ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው መግለጫ ነው። ባንኩ መልሱን በቀጥታ ለኦዲት መሥሪያ ቤቱ እንዲልክ ተደርጎ ይጻፍ። በሒሳብ ሠራተኛው እጅ የመጣ የባንክ መግለጫ ሊቀየር ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ግን መሥሪያ ቤቱ ያልተናገረው ሌላ ሒሳብ መኖሩ ነው። ሦስተኛው ደረሰኝ የሚያሳትመው ወይም የሚያከፋፍለው አካል ለዚህ መሥሪያ ቤት የሰጣቸው ጥራዞች ተከታታይ ቁጥር ነው።

ወረዳው በፑል፣ ማለትም የበርካታ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ በአንድ ቦታ በሚያዝበት አሠራር፣ የሚሠራ ከሆነ ክፍያው የሚፈጸመው በገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ሥራው የሚከናወነው ደግሞ በሴክተሩ፣ ማለትም በጤና ወይም በትምህርት ዓይነቱ ጽሕፈት ቤት፣ ነው። ሁለቱም ዘንድ መሄድ ግድ ይላል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ብቻ ተቀምጦ የሚሠራ ኦዲት ማዘዣዎችን አይቶ ይመለሳል፤ ዕቃው፣ ሰውየውና ግንቡ ያሉት ሴክተሩ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ ካዝና

ቆጠራው ድንገተኛ ይሁን፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወይም ልክ ሲጀመር። ገንዘብ ያዡ ባለበት፣ ቢያንስ አንድ ታዛቢ ተጨምሮ ይቆጠር። ሁለት ካዝና ወይም ሁለት ገንዘብ ያዥ ካለ ሁለተኛው ወዲያው ይታሸግ፤ አለበለዚያ ያንዱ ጉድለት በሌላው ገንዘብ ይሞላል። ብሩ በየዓይነቱ፣ ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50 እየተባለ ይመዝገብ። ከዚያ በፊት የመጨረሻው የገቢ ደረሰኝና የመጨረሻው የወጪ ማዘዣ ቁጥር ይጻፍ፤ ይህ ካልተደረገ ከቆጠራው በኋላ የኋላ ቀን የተጻፈበት ማዘዣ ይመጣል።

በካዝናው ውስጥ በቁራጭ ወረቀት የተሰጠ ብድር ከተገኘ እንደ ጥሬ ገንዘብ አይቆጠርም። «ደመወዝ ሲደርስ ይመልሳል» የሚባለው ገንዘብ በዕለቱ ጉድለት ነው፤ ጉድለት ተብሎ ይያዛል። ሲያበቃ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡ ፊቱ ተቆጥሮ ሙሉ በሙሉ መልሶ መረከቡን ጽፎ ይፈርም። ይህ ፊርማ ከሌለ በማግሥቱ «ሲቆጥሩ ነው የጎደለው» የሚል ክርክር ይነሳል።

ምን ያህል ማዘዣ ይታያል?

ሁሉንም ማየት አይቻልም፤ በዘፈቀደ መቶ ማዘዣ ማገላበጥም ኦዲት አይደለም። በዓመቱ 1,200 የክፍያ ማዘዣ አለ እንበል። ከመንግሥት የሒሳብ መመዝገቢያ ሥርዓቶቹ ከአይቤክስ ወይም ከኢፍሚስ የወጣው ዝርዝር በገንዘብ መጠን ይደርደር። ትልልቆቹ 150 ክፍያዎች የበጀቱን አብዛኛውን ክፍል የሚይዙ ከሆነ ሁሉም ይታዩ። ከቀሪዎቹ 1,050 ውስጥ ከ1 እስከ 20 ባለው አንድ ቁጥር በዕጣ ተጀምሮ በየ20ው አንድ ይነሳ፤ ወደ 52 ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ ከሰኔ 15 እስከ ሰኔ 30 የተከፈለው በሙሉ ይጨመር። በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የሚቃጠለው በነዚያ ቀናት ነው፤ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ተብሎ፣ ያልተወራረደ (ምን ላይ እንደዋለ በማስረጃ ያልተዘጋ) ቅድሚያ ክፍያም እንደ ወጪ ተመዝግቦ የሚገኘው እዚያ ነው።

ዝርዝሩ ራሱ ሙሉ መሆኑም ይፈተሽ። የማዘዣ ቁጥሮች ሳይዘሉ መከታተል አለባቸው፤ የጎደለ ቁጥር ካለ የተሰረዘው ማዘዣ ከነኮፒው ይቅረብ።

ደመወዝ

በወረዳ በጀት ውስጥ ትልቁ ወጪ በሒሳብ መደብ 6111 የሚመዘገበው የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ቢሆንም፣ ብዙ ኦዲተር በፍጥነት የሚያልፈው እሱኑ ነው። የመስከረም፣ የጥርና የሰኔ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ይወሰድ። ከሰው ሀብት ክፍል ደግሞ በዓመቱ የለቀቁ፣ የተዛወሩ፣ የሞቱ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጡ ሰዎች ዝርዝር ይጠየቅና በለቀቁበት ማግሥት ያለው ወር ፔሮል ላይ ስማቸው ይፈለግ። ቀጥሎ ፔሮሉ ለባንክ ከተላከው ዝርዝር ጋር ይገጣጠም። ፔሮሉ ላይ የሌለ የሒሳብ ቁጥር ለባንክ በተላከው ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ፣ ወይም አንድ የሒሳብ ቁጥር በሁለት ስም ሲደገም፣ ጉዳዩ የመደመር ስሕተት አይደለም።

ጡረታም አብሮ ይታያል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። የወሩ መነሻ ደመወዝ 1,000,000 ብር ከሆነ 180,000 ብር ገቢ የተደረገበት ማስረጃ መኖር አለበት። ከሠራተኛው ተቆርጦ ያልተላለፈ ጡረታ የሠራተኛው የዕድሜ ልክ ገንዘብ ነውና በሪፖርቱ ውስጥ ከጥቃቅን ግኝቶች መሃል ተደብቆ እንዳይቀር።

ውሎ አበልና ነዳጅ አብረው ይመርመሩ

6231 (ውሎ አበል) እና 6217 (ነዳጅ) ሁለት የተለያዩ የሒሳብ መደቦች ቢሆኑም የሚመሰክሩት ስለ አንድ ጉዞ ነው። የውሎ አበል ማዘዣው ሰውየው የት እንደዋለ ይናገራል፤ የመኪናው መንቀሳቀሻ መዝገብ መኪናው የት እንደዋለ ይናገራል። አንድ ባለሙያ ከጥር 6 እስከ ጥር 12 ለመስክ ሥራ አበል ወስዷል እንበል። የጥር 9 እና 10 የሥልጠና የፊርማ ወረቀት ላይ ስሙ አለ? የዓመት ፈቃድ ፎርሙስ በዚያ ሳምንት አይወድቅም? ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ በዕለቱ የአርሶ አደር ስብሰባ ተካሄደ የሚል የመስክ ሪፖርት ካለ ቀበሌው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀበሌው የሚሰጠው የቆይታ ማረጋገጫም በማኅተሙ ብቻ አይታመንም፤ ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም ተመትቶ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የስድስት ሰዎች ማረጋገጫ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ከተሞላ ሊቀ መንበሩ ራሱ ይጠየቅ።

ነዳጅ የሚፈተሸው በርቀት ነው። አንድ መኪና በወሩ ውስጥ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 6 ጊዜ ደርሶ መልስ ሄዷል ተብሏል። አንዱ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 6 ደርሶ መልስ 1,560 ኪሎ ሜትር ነው። ለመኪናው የተወሰነው ፍጆታ በ8 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ከሆነ 195 ሊትር ይበቃዋል። በወሩ የተቀዳው 340 ሊትር ከሆነ 145 ሊትር መልስ ይፈልጋል። «ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ተበላሽቷል» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ መበላሸቱ በጽሑፍ ለኃላፊው የቀረበበት፣ ጥገና የተጠየቀበት ቀን ይታይ። ለወራት ማንም ያላስጠገነው ቆጣሪ ራሱን የቻለ የቁጥጥር ጉድለት ነው። የእያንዳንዱ ደረሰኝ ሊትር ከታንከሩ መጠን ጋርም ይነጻጸር። 80 ሊትር የሚይዝ ታንከር በአንድ ደረሰኝ 95 ሊትር ቀድቶ ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው።

ግዥና ንብረት

የግዥ ዝርዝሩን በሁለት መንገድ መደርደር ብዙውን ይገልጠዋል፤ አንድ ጊዜ በአቅራቢ ስም፣ አንድ ጊዜ በዕቃ ዓይነት። ከአንድ ነጋዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ሁሉም በፕሮፎርማ (ያለ ጨረታ በዋጋ ማቅረቢያ) ለመግዛት ከሚፈቀደው ጣሪያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተገዛ የጽሕፈት መሣሪያ ጨረታን ለመሸሽ የተከፋፈለ ግዥ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሲቀርብ ዋጋውን ብቻ ማየት አይበቃም። የሦስቱም የፊደል ስሕተት አንድ ዓይነት ነው? ስልክ ቁጥሩ የሁለቱ ይገናኛል? ተሸናፊዎቹ ሱቆች በአድራሻቸው አሉ? እዚያው ሄዶ «ይህን ዋጋ ሰጥታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሌላ ምንም አይተካውም።

ዕቃ መግባቱ የሚመዘገበው በሞዴል 19 ደረሰኝ፣ መውጣቱ በሞዴል 22 ነው። የተገዛው ብዛት ከደረሰኝ ወደ ሞዴል 19፣ ከዚያ ወደ ቢን ካርድ (የመጋዘን የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ)፣ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ይከተል። ከመደርደሪያው ተነስቶ ወደ ኋላም ይኬድ፤ መጋዘን ውስጥ ያለ ካርድ ላይ ግን የሌለ ዕቃ ነገ ቢወጣ ማንም አያውቅም። ግዥውን ያከናወነው፣ ጥራቱን ያረጋገጠውና የተረከበው አንድ ሰው ከሆነ ሦስቱም ፊርማ የአንድ ፊርማ ዋጋ ነው ያላቸው።

ለሰኔው ግዥ ከሁሉ የተሻለው ምስክር የጥበቃው መዝገብ ነው። ሞዴል 19 ሰኔ 29 ተቆርጦ፣ 40 ወንበር የጫነ መኪና በጥበቃው መዝገብ ላይ ነሐሴ 14 ገብቶ ከተገኘ፣ ገንዘቡ የተከፈለው ላልመጣ ዕቃ ነው። የጥበቃውን ደብተር ማንም አስተካክሎ አይጽፈውም፤ ኦዲተር ያያዋል ብሎ የሚያስብ ስለሌለ። በመጀመሪያው ቀን ቅጂ ይነሳለት።

ግንባታ

የክፍያ ሰርተፍኬት፣ ለተሠራው ሥራ ክፍያ እንዲፈጸም መሐንዲሱ የሚፈርመው ሰነድ፣ በቢሮ አይመረመርም። ሜትር፣ የሥራ ዝርዝሩ፣ ሥዕሉና ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ መሐንዲስ ተይዞ ቦታው ላይ ይኬዳል፤ ሰርተፍኬቱን የፈረመው መሐንዲስ አስለኪ ሆኖ ሊመጣ አይገባም፣ ተገኝቶ ማየት ግን ይችላል። ለአጥር መሠረት 120 ሜትር ርዝመት፣ 0.5 ሜትር ስፋትና 0.8 ሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ ተከፍሏል እንበል፦ 48 ሜትር ኩብ። ቦታው ላይ ሲለካ ርዝመቱ 96 ሜትር ከሆነ 38.4 ሜትር ኩብ ይመጣል። ልዩነቱ 9.6 ሜትር ኩብ፣ በ3,500 ብር ሒሳብ 33,600 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 38,640 ብር በብልጫ ተከፍሏል። ርዝመት ከላይ ይታያል፤ ጥልቀቱን ለማወቅ ግን ሦስት ቦታ ላይ አስቆፍሮ መለካት ነው። ለቁፋሮ ደግሞ «ጠንካራ ዐለት» በሚል ዋጋ የተከፈለበት ሜዳ ዙሪያው ለስላሳ አፈር ከሆነ፣ በዚያው ሰፈር ጉድጓድ ያስቆፈሩ ነዋሪዎችን መጠየቅ ብዙ ይረዳል።

ለሥራ ተቋራጭ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ የግዥ መመሪያው ከሚፈቅደው የውሉ መቶኛ መብለጥ የለበትም፤ ዋስትናም ተይዞበት መሆን አለበት። የዋስትናው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ መኖሩ በቂ አይደለም። ሰጠ ለተባለው የባንክ ቅርንጫፍ ተጽፎ ትክክለኛነቱ ይጠየቅ፤ የሚያበቃበትም ቀን ይታይ። ሥራው ቆሞ ዋስትናው ሲያበቃ ማንም ካላራዘመው የመንግሥት ገንዘብ ያለ መያዣ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ተሰብሳቢ ሒሳብ

ተሰብሳቢ ማለት ወጥቶ ገና ያልተመለሰ ወይም ያልተወራረደ ገንዘብ ነው፤ ድምሩን ብቻ የሚጽፍ ሪፖርት አይጠቅምም። እያንዳንዱ ቀሪ በሰውና በዕድሜ ይከፋፈል፤ እስከ አንድ ዓመት፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ ከአምስት በላይ። መመሪያው ለማወራረድ ከሚሰጠው ቀን ያለፈ ሁሉ ይለይ። የቀድሞውን ሳያወራርድ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅድሚያ የተሰጠው ሰው ካለ ተጠያቂው ወሳጁ ብቻ አይደለም፣ የፈቀደውም ነው። ስም የሌለው፣ ከዓመት ዓመት «ሲንከባለል የመጣ» የሚባል ቀሪም መነሻ ሰነዱ እስኪገኝ ወደ ኋላ ይፈለግ።

ግኝት አጻጻፍ

አንድ ግኝት አምስት ነገር ይኑረው፦ የተገኘው ሁኔታ፣ መሆን የነበረበት መስፈርት፣ መንስኤው፣ ያስከተለው ውጤት፣ ማሳሰቢያው። «የነዳጅ አጠቃቀም ክፍተት ታይቷል» ብሎ መጻፍ ኃላፊው «ይስተካከላል» ብሎ እንዲያልፈው መንገድ መክፈት ነው። ከላይ ያለው የነዳጅ ጉዳይ እንዲህ ይጻፋል፦

«በየካቲት ወር ለአንድ ተሽከርካሪ 340 ሊትር ነዳጅ ተገዝቷል። በመንቀሳቀሻ መዝገቡ መሠረት የተሄደው 1,560 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በተወሰነው ፍጆታ የሚያስፈልገው 195 ሊትር ነው። የ145 ሊትር፣ በደረሰኙ ዋጋ ሊትሩ በ100 ብር 14,500 ብር፣ አገልግሎት ላይ መዋሉ አልተረጋገጠም። ምክንያቱ ነዳጅ የሚፈቀደው መዝገቡ ሳይታይ መሆኑ ነው። 14,500 ብር ከፈቃጁና ከተረካቢው ተጣርቶ ተመላሽ ይደረግ፤ ከዚህ በኋላ ያለፈው ጉዞ ሳይወራረድ ነዳጅ አይፈቀድ።»

እዚህ ላይ «ተሰርቋል» የሚል ቃል የለም፤ ኦዲተር ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ይላል። የወንጀል ምልክት ያለበት ጉዳይ ከነማስረጃው ሥልጣን ላለው መርማሪ አካል ተለይቶ ይተላለፋል።

በመውጫ ውይይቱ ላይ አዲስ ሰነድ ይዘው ከመጡ አይከልከሉ፤ ግን የቀረበበት ቀን ተጽፎበት እንደ ማንኛውም ሰነድ ይፈተሽ። ስድስት ወር ያልተገኘ ማወራረጃ በአንድ ሌሊት ሲገኝ ደረሰኙን የሰጠው ድርጅት ጋ መሄድ ግዴታ ነው። የመጨረሻው ማቅረቢያ ቀን በቃለ ጉባኤ ይቀመጥ።

ሪፖርቱ ምክር ቤት ከደረሰ በኋላ

የኮሚቴው አባላት መጀመሪያ የሚያዩት የኦዲት አስተያየቱን ነው። ነቀፌታ የሌለበት ከሆነ ሒሳቡ በሚገባ ቀርቧል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ብር ለሕዝብ ጠቀመ ማለት ግን አይደለም፣ እሱን የሚመልሰው ሥራው ውጤት ማምጣቱን የሚመረምረው የክዋኔ ኦዲት ነው። ከተጠቀሱት ጉዳዮች በስተቀር የሚለው ችግሩ በተጠቀሱት ላይ የተወሰነ መሆኑን ይናገራል። ተቃራኒው አስተያየት ሒሳቡ በጥቅሉ እንደማይታመን ያሳያል። አስተያየት መስጠት አልተቻለም የሚለው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ይታለፋል። ማስረጃው ስለጠፋ ወይም ስለተከለከለ ኦዲተሩ ምንም ማለት አልቻለም ማለት ነውና ኮሚቴውን ከሁሉ በላይ ሊያሳስበው ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የክትትል ሠንጠረዥ ነው፦ ግኝቱ፣ የብሩ መጠን፣ የተጠያቂው የሥራ መደብ፣ የማስተካከያው ቀን፣ የቀረበው ማስረጃ። «ለማስመለስ ደብዳቤ ጽፈናል» በማስረጃ ዓምዱ ውስጥ አይገባም። የሚገባው የገቢ ደረሰኝ ቁጥርና ገንዘቡ ባንክ የገባበት ወረቀት ነው። እነዚህም ከባንክ መግለጫው ጋር ይመሳከሩ፤ ተመላሽ ሆነ የተባለው ገንዘብ በሳምንቱ በሌላ ስም ተመልሶ የወጣበት ማዘዣ ይኖር እንደሆን የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሠንጠረዡ በሩብ ዓመቱ ይታይ፤ ያልተዘጋው ግኝት ወደሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ከነዕድሜው ይተላለፍ። ኮሚቴው የሚቀጥለውን በጀት ሲያጸድቅ ይህ ሠንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ 145 ሊትሩን ያላወራረደ ጽሕፈት ቤት የ6217 ጭማሪ ሲጠይቅ መልሱ እዚያው ላይ ተጽፏል።